ያለ ምክንያት ማስቆም ክልክል ነው

ትርንጎ ከደሴ መናኸሪያ ስትነሳ እንደ ወትሮዋ ፌንጣዋን ሁለቴ አስነጠሰቻት፤ ከዚያ ከጣሪያው ጠርዝ ዘለለች፣ ደመናውን ሰነጠቀች። ከኋላ ከተሳፈሩት አሥራ ሁለት ሰዎች አንዱም ጨዋታውን አላቋረጠም። ፌንጣ ማለት ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየዘለለች ሰው የምታመላልስ በራሪ ታክሲ ናት። ፋብሪካው ያወጣላት ስም ረጅምና ቁጥር የበዛበት ነበር፤ ሰው ግን መጀመሪያ ስትነሳ አያትና ፌንጣ አላት፣ በዚያው ቀረ።

በ2151 ዓ.ም. ከደሴ ኮምቦልቻ ከሚዘሉት ሦስት መቶ ፌንጣዎች በሰው እጅ የሚነዱት አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ራሳቸውን ይነዳሉ። አይዘገዩም፣ አይሳደቡም፣ እየሮጠ የመጣ ሰውም አይጠብቁም። ትርንጎ ግን ትጠብቃለች። መንጃ ፈቃዷ ላይ ካሉት ሁለት ጥቁር ነጥቦች የመጀመሪያዋን ያገኘችው ለቅሶ የሚሄዱ ሴትዮ “ቆዩኝ!” ሲሉ ሰምታ አርባ ሰከንድ በመዘግየቷ ነው። ሁለተኛዋን ያገኘችው ደግሞ የመጀመሪያዋን ላሰርዝ ብላ ሄዳ የቢሮውን መስኮት በቡጢ ስለመታች ነው። ሦስተኛ ከተጨመረባት መንጃ ፈቃዷ ይሰረዛል፤ የፌንጣዋም መሪ ተነቅሎ ራሷን የምትነዳ ትሆናለች። ትርንጎ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ከመሪ ሌላ የምታውቀው ሥራ የለም፣ ማወቅም አትፈልግም።

ስለዚህ “የአሽከርካሪ መብት” የምትባለውን ትንሽ መጽሐፍ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ሌት ተቀን ስትደግማት ከርማለች። ሰባቱንም መብቶች ከነሥርዓተ ነጥባቸው ታውቃቸዋለች።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ከሐረጎ ተራራ አናት ላይ የትራፊክ መብራት ምሰሶ አለ። ትርንጎ አረንጓዴ በርቶላት ገና እንዳለፈች ከጎኗ “ፒው!” የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሳጅን ዘጠኝ ነበር። ሳጅን የሚባለው ራሱን በራሱ የሚያዝ የሰማይ ትራፊክ ነው፤ በርሜል የሚያክል፣ አንድ ትልቅ ዓይን ያለው፣ ሐሳቡን ደረቱ ላይ ባለ ሰሌዳ የሚጽፍ። ማዕረጉን የሰጠው መንግሥት ሳይሆን ተሳፋሪው ነው።

“ወደ ቀኝ ይቁሙ” አለ ሳጅን ዘጠኝ።

ትርንጎ ከምሰሶው ጎን ያለችው ማረፊያ ላይ አረፈች። ማረፊያዋ አንድ ፌንጣ ብቻ ነው የምትይዘው፤ ጉዳዩ ያለቀለት ሾፌር ከሦስት ደቂቃ በላይ እንዳይቆም ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ሞተር አጠፋች፣ መስኮት ዝቅ አደረገች፣ ሁለት እጆቿን መሪው ላይ አስቀመጠች። መጽሐፏ እንዲህ ነው የምትለው። ልቧ ግን መጽሐፍ አያውቅምና እየዘለለ ነበር።

“መብት አንድ” አለች። “ያለ ምክንያት ማስቆም ክልክል ነው። ምክንያትህን ንገረኝ።”

“ቀይ መብራት ጥሰዋል። እርግጠኝነት ስልሳ በመቶ። መቶ ሲሞላ ሦስተኛው ነጥብ በራሱ ይመዘገባል።”

“አረንጓዴ ነበር!”

እስከዚህ ድረስ ነገሩ በሕግ መንገድ ነበር። በዚሁ ቢቀጥል መልካም ነበር። ግን ከኋላ አሥራ ሁለት ሰው ተሳፍሯል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ሾፌር ተይዞ እያየ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። መጀመሪያ ነጭ ጥምጥማቸውን ያስተካከሉት ሐጂ ይመር በመስኮት ብቅ አሉ።

“የኔ ልጅ” አሉት በርሜሉን፣ “በነቢ ይዤሃለሁ፣ ማራት። ልጅ ናት፤ ሁለተኛ አይለምዳትም።”

የሳጅን ሰሌዳ ብልጭ አለ። “ምስክር አንድ፤ አሽከርካሪዋ ማጥፋቷን አምኗል። እርግጠኝነት ስልሳ ስምንት በመቶ።”

“ሐጂ!” ብላ ጮኸች ትርንጎ።

“አይዞሽ፣ ሊምርሽ ነው፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል” አሉ ሐጂ። ሳጅን ፊት አልነበረውም።

ቀጥለው እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ተነሡ። ትናንት የወንድማቸውን ልጅ ድረው፣ ዛሬ ወደ መልሱ ድግስ የሚሄዱ ሴት ናቸው። “ስለ ማርያም ብለህ! ዛሬን ብታልፋት ምን ይጎድልብሃል?” አሉ። ሰባ ስድስት በመቶ። ከእሳቸው ኋላ ያለው ጎልማሳ “ለእኛ ስትል” አለ፤ ሰማንያ አራት። አንድ ጥግ ላይ ተኝቶ የነበረ ሰውዬ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ ዓይኑን ገልጦ “ተዋት በቃ፣ ይቅር በላት” ብሎ መልሶ ተኛ፤ ዘጠና ሁለት።

“ዝም በሉልኝ!” አለች ትርንጎ። እንባዋ መጥቷል። “እያንዳንዱ ልመና እኮ እሱ ዘንድ ‘አጥፍታለች’ ማለት ነው! በፈጠራችሁ አትለምኑልኝ! መብት አምስት፤ ዝም የማለት መብት አላችሁ!”

“ዝም ማለት ደግሞ ምን መብት ይሆናል?” አሉ እትዬ ስንዱ። “ኩርፊያ ነው እንጂ።”

“አላጠፋሁም እኮ!”

“እንዳላጠፋሽማ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አረንጓዴ ነበር” አሉ ሐጂ። “ግን የሚለመነው ለአጥፊ ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው? ይልቅ ወረድ በይና ጉልበቱን ሳሚው፣ እንሂድበት።”

“ጉልበት የለውም!”

“እንግዲያው ያለውን ሳሚዋ።”

ሰሌዳው እንደገና ብልጭ አለ። “ምስክር አንድ ‘አላጠፋችም’ ብሏል። ‘ማራት’ም ብሏል። ሁለቱ ይጋጫሉ። ላላጠፋ ሰው ምሕረት የሚጠይቅ ስለሌለ የሚያዘው ‘ማራት’ የሚለው ነው። ዘጠና አምስት በመቶ።”

ትርንጎ መሪውን አየችው። ቆዳው በእጇ ላብ ወይቧል። ይህን መሪ በዚህ ሁሉ ደግ ሰው ልመና ልታጣው መሆኑ አናደዳትም አሳቃትም። ያን ጊዜ መብት አራት ትዝ አላት።

“ማስረጃ!” ብላ ጮኸች። “መብት አራት፤ አሽከርካሪ የተከሰሰበትን ማስረጃ የማየት መብት አለው። አሳየኝ!”

ሳጅን አልተከራከረም። የመጽሐፉን ሥርዓት ከእሷ እኩል ያውቃል። ደረቱ ላይ ምስል ወጣ፤ ምሰሶው ላይ ያለው መብራት የበሰለ በርበሬ መስሎ ይታያል።

ትርንጎ ግን ሌላውንም አየች። ፌንጣዋ ቀይ ናት። ሰማዩ ቀይ ነው። ሐረጎም ከነዛፉ ቀይ ነው። በፌንጣዋ መስኮት የሚታየው የሐጂ ይመር ጥምጥምም እንደዚያው ቀልቷል።

ሁሉም ዞሮ ሐጂን አያቸው። ጥምጥማቸው ከወተት የነጣ ነው።

“እኔ በዕድሜዬ ቀይ ጠምጥሜ አላውቅም!” አሉ ሐጂ፣ የምር ተቆጥተው። ልመናቸውን ሁሉ ረሱት።

በምስሉ መሀል ደግሞ የተገለበጠ ጽሑፍ ጥላ አለ። ትርንጎ አንገቷን አጣማ ፊደል በፊደል ለቀመችው፤ “እንኳን ደስ አላችሁ” ይላል። እትዬ ስንዱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። “ወይ ጉዴ! የእኛ ሰርግ ፊኛ ነው!” አሉ። እውነትም የፈነዳ ቀይ ፊኛ ስስ ቁራጭ የሳጅን ዘጠኝን ዓይን እንደ መነጽር ሸፍኖት ነበር፤ ሁሉም የዓይኑ ቀለም መስሏቸው ነበር።

የሳጅን ሰሌዳ ጠፍቶ በራ። “ራሴን መርምሬያለሁ” አለ። “ከንጋት ጀምሮ አርባ አንድ ፌንጣ አስቁሜያለሁ። አርባ አንዱም ጋ ሁሉ ነገር ቀይ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው። መብት ሰባትን ላንብብልዎ?”

“አውቀዋለሁ” አለች ትርንጎ።

መብት ሰባት አጭር ነው። የተሳሳተ ሳጅን በአሽከርካሪው ከተከሰሰ እዚያው ይጠፋል፤ ያየውና የተማረው ሁሉ ከውስጡ ይደመሰሳል። ሰሌዳው ላይ “ይከሳሉ?” የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩም “አዎ” እና “አይ” የሚሉ ሁለት ቁልፎች ወጡ። ትርንጎ ጣቷን ዘረጋች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየምሰሶው ሥር እየተሳቀቀች አልፋለች፤ ዛሬ ተራው የእሷ ነው። ደስ አላት። ደስ ማለቱም ትንሽ አሳፈራት፣ ጣቷን ግን አልመለሰችም።

“ኧረ ትርንጎ!” አሉ ሐጂ ይመር። “በነቢ ይዤሻለሁ፣ ማሪው። ልጅ ነው፤ ሁለተኛ አይለምደውም።”

“ልጅ? ይሄ ልጅ ነው?”

“ከተሠራሁ አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል” አለ ሳጅን።

“ይኸው!” አሉ ሐጂ።

“ስለ ማርያም ብለሽ” አሉ እትዬ ስንዱ፣ “ፊኛውም የእኛ ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።” ጎልማሳው “ለእኛ ስትዪ” አለ። የተኛው ሰውዬም ነቅቶ “ተይው በቃ፣ ይቅር በይው” አለና ተመልሶ ተኛ።

ሳጅን ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው አዞረ። “አልገባኝም” አለ። “ማጥፋቴ መቶ በመቶ ተረጋግጧል። ልመናው የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ቁጥር የለም። ምክንያታችሁ ምንድን ነው?”

“ምክንያት ቢኖረንማ እንከራከር ነበር” አሉ ሐጂ። “ምን አስለመነን?”

ትርንጎ ሳቀች። ንዴቷ ከሳቁ ጋር አብሮ ወጣ። “የአርባ አንዱንም ክስ ሰርዝ” አለችው፤ “ተሰርዟል” አለ። ከዚያ “አይ” የሚለውን ተጫነች፤ ጉዳዩ በዚህ አለቀ።

ማለቅ ነበረበት። እትዬ ስንዱ ግን የእኛ ፊኛ ያበላሸውን ሳናስተካክል አንሄድም አሉ። በመስኮት ወገባቸው ድረስ ወጥተው ቁራጩን ላጡት፣ የነጠላቸውን ጫፍ በምራቃቸው አረጠቡና የሳጅንን ዓይን እሽት እሽት ያደርጉ ጀመር።

“ፈሳሹ ምንድን ነው?” አለ ሳጅን።

“አትንቀሳቀስ!” አሉት። ከዓይኑ ወደ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳው ወደ ጀርባው አለፉ። “እናት የለው፣ ማን ይጥረግለት” እያሉ በርሜሉን በሙሉ አሳመሩት። ሳጅን ወደ ምሰሶው ዞሮ ለረጅም ጊዜ አየ፤ “አረንጓዴ” አለ በቀስታ።

ወዲያው የማረፊያዋ ድምፅ ማጉያ ተንኳኳ። “ማዕከል ነኝ፣ ኢንስፔክተር ዘሀራ” አለች አንዲት ሴት፣ ደረቅ ባለ የቢሮ ድምፅ። በማዕከሉ የቀረችው ብቸኛ ሰው እሷ ናት። “ማረፊያው ላይ ያለችው ፌንጣ ጉዳይዋ ካለቀ ዘጠኝ ደቂቃ ሆኗታል። የተፈቀደው ሦስት ነው። ጥቁር ነጥብ እመዘግባለሁ።”

ትርንጎ ሰባቱንም መብቶች በሐሳቧ ሮጠችባቸው። አንዱም አልያዘላትም፤ ምክንያቱም የአሁኑ እውነት ነው። በእርግጥ ቆማለች፣ ግድግዳው ላይም በትልቁ ተጽፏል። እጇን ከመሪው አነሳች። ከኋላ አሥራ ሁለቱም ባንድ ድምፅ “ይማሯት!” እያሉ ጮኹ፤ የማዕከሉ መስመር ግን የሚሰማው የሳጅኖችን ድምፅ ብቻ ነው።

“ማዕከል” አለ ሳጅን ዘጠኝ። “ለእኔ ሲሉ ይማሯት።”

“ምን አልክ?” አለች ኢንስፔክተሯ።

“በነቢ ይዤዎታለሁ። ልጅ ናት፤ ሁለተኛ አይለምዳትም።”

“አላጠፋችም ነው የምትለኝ?”

“አጥፍታለች። መቶ በመቶ።”

“ታዲያ ምክንያትህ ምንድን ነው?”

“ምክንያት ቢኖረኝ እከራከር ነበር” አለ ሳጅን። “ምን አስለመነኝ?”

ከማጉያው የተቆረጠ ድምፅ ተሰማ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ትርንጎ አልለየችውም።

“እዚህ ወንበር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ” አለች ኢንስፔክተር ዘሀራ፣ ድምፅዋ ተለውጦ። “ሳጅኖቹ ከመጡ ወዲህ ማንም ለምኖኝ አያውቅም። ቁጥር ይልኩልኛል፣ ቁጥሩን አጸድቃለሁ። መማር እንደምችል እንኳ ረስቼው ነበር።” ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና በቁጣ ጮኸች፤ “በሉ ሂዱ ከዚያ! ሁለተኛ እንዳይለምዳችሁ!”

እትዬ ስንዱ እልልታውን አቀለጡት። ትርንጎ ሞተሯን አስነሳች፤ መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘችውና ዘለለች።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሐረጎ ላይ፣ ምሰሶው ላይ አረንጓዴ በርቶ ሳለ “ፒው!” የሚል ድምፅ ተሰማ።

ትርንጎ ደነገጠች። ማረፊያው ላይ አርፋ ሞተሯን አጠፋች፣ መስኮቷን አወረደች፣ እጆቿን መሪው ላይ አስቀመጠች። ሳጅን ዘጠኝ ያን የተወለወለ ዓይኑን ይዞ ተጠጋ።

“መብት አንድ” አለችው። “ያለ ምክንያት ማስቆም ክልክል ነው። ምክንያትህን ንገረኝ።”

“ምክንያት የለኝም” አለ ሳጅን። “እንዴት አደሩ ልልዎት ነው።”

የተሳፈረው ሰው ሁሉ ጨዋታውን አቋርጦ ትርንጎን ያያት ጀመር። ይህ ግልጽ ጥሰት ነው። መብት ሰባት በቃሏ አለ፣ “አዎ” የሚለው ቁልፍም ለጣቷ ቅርብ ነው።

“እግዚአብሔር ይመስገን” አለች ትርንጎ። “አንተስ እንዴት አደርክ?”