ያልታሰረው ጠፍር

ከልብስ ሰፊው ቤት ጓሮ ወደ ወንዙ የሚወርዱት የድንጋይ ደረጃዎች ሃያ ሁለት ናቸው። ኢንስፔክተር ኤልስፔት ራንኪን አንድ በአንድ ቆጥራቸዋለች፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ በዚህ ጉልበቷ፣ ደረጃ ሳትቆጥር አትወርድም። ከመጨረሻው ደረጃ ሥር ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ዱጋልድ ሚልን በጀርባቸው ተንጋለዋል። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰንጥቋል። የለበሱት የክት ኪልታቸውን፣ የስኮትላንድ ወንዶች በወገባቸው የሚጠመጥሙትን ሽንሽን ጉርድ ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ የከተማው ሳጅን ፊንሌይ። «ሽማግሌው ኪልት የሚለብሱት በዓመት አንድ ቀን፣ ለከተማው የስፖርትና የጭፈራ በዓል ብቻ ነው። ጎህ ሲቀድ ለብሰው በዚህ በወንዙ ዳር ወደ በዓሉ ሜዳ ይሄዳሉ። ዛሬም ወጡ፤ እንግዳ ማረፊያው ያረፈው ካናዳዊ አድብቶ ገፋቸው። ሬሳ አገኘሁ ብሎ የደወለውም ራሱ ነው። ትናንት ከሰዓት ሱቃቸው ገብቶ ሲጮህባቸው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

«ኢንቨርነስ ወስጄ ላሳስረው። ሕዝቡ እየተንጫጫ ነው።»

«እስከ ማታ ይንጫጫ።»

ኤልስፔት በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ኖራለች፤ በእያንዳንዱ ከተማም አንድ እንግዳ ሰው ሲገኝ የአገሬው ሰው እንዴት እፎይ እንደሚል ታውቃለች። ሰልችቷታል። እያቃሰተች ተንበረከከችና የሟቹን ልብስ ዳሰሰች። ከአንገትጌው እስከ ካልሲው በስብሷል።

«ዝናቡ መቼ ቆመ?»

«ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ።»

«ጎህ ሲቀድ ከወጡ ማን አረጠባቸው?»

«ሣሩ እርጥብ ነዋ።»

«ሣር አንገትጌ ያረጥባል እንዴ፣ ፊንሌይ?»

እሷ ወደ ኪልቱ ተመለሰች። በቀኝ በኩል ከታች የሚሰካው ትልቁ መርፌ ቁልፍ ፊት ለፊት የተደራረቡትን ሁለቱንም ሽፋኖች ወግቶ አያይዟቸዋል። የላይኛውን ሽፋን ገለጥ አድርጋ ውስጡን አየች። የውስጠኛው የቆዳ ጠፍር ሳይታሰር እንደ በግ ጭራ ተንጠልጥሏል። ቀስ ብላ መልሳ ሸፈነችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

ካናዳዊውን ያገኘችው ባረፈበት የእንግዳ ማረፊያ ነው። ራስል ማክፌይል ስድሳውን ያለፈ፣ ዓሣ በማጥመድ እጁ የሻከረ የኖቫ ስኮሻ ሰው ነው። ያረጀ ኪልት ለብሶ፣ ቀጥ ብሎ፣ ፈተና እንደሚጠብቅ ተማሪ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ለምን ጮኽክባቸው?»

«ወንድሜ ባለፈው ጥቅምት ሞተ» አለ። «ከመሞቱ በፊት በፖስታ ሁለት ኪልት አዝዞ ነበር፤ ከዚህ ከኪልደርን፣ የሚልን ስም የተጻፈባቸው። አንዱን ለብሶ ተቀበረ። ሁለተኛውን እኔ ቤት ወስጄ ስከፍተው ፕላስቲክ ነው፤ ዘለበት እንኳን የለውም፣ ተጣብቆ ቻርር ብሎ የሚላቀቅ ቬልክሮ ነው የተለጠፈበት። ወንድሜን በካርኒቫል ልብስ ቀበርኩት፣ ኢንስፔክተር። ይሄን በደብዳቤ መጻፍ አልቻልኩም። ተሳፍሬ መጣሁ።»

«ምን አሉህ?»

«ጮኼ እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ ልብሱን አገላብጠው አዩና ተቀመጡ። ‹ይሄን እኔ አልሰፋሁትም፤ የሰፋውን ግን አውቀዋለሁ፤ ነገ በሜዳው ላይ በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ› አሉኝ። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም። ጨብጠውኝ ተለያየን።»

«ማታ የት ነበርክ?»

ከበሩ አጠገብ የቆመችው የማረፊያው ባለቤት ቀደመችው። «እዚሁ ነበር። ከራት ጀምሮ እስከ አምስት ሰዓት ስለ ቅድመ አያቶቹ ሲያወራ ጆሮዬን በላው። ብንገላገለው ደስ ባለኝ፣ ግን እዚህ ነበር።»

ራስል ፊቱ ቀላ። «አንድ ነገር ለሳጅኑ ነግሬው ስቆብኛል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሬሳውን ሳይ መጀመሪያ ያየሁት መርፌ ቁልፉን ነው። የሚሰካው ከላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ከወጉት ጨርቁ ይጎተታል፣ ይቀደዳል። ዕድሜ ልካቸውን ኪልት የሰፉ ሰው እንዲያ አያደርጉም።»

«ሳጅኑ የሚለብሰው ተከራይቶ ነው» አለች ኤልስፔት። «አትፍረድበት።»

በልብስ ሰፊው ቤት የሟቹ ልጅ ኢሽበል ሥራ ላይ ነበረች። የአባቷ ሬሳ ከተገኘ ገና ግማሽ ቀን አልሞላም፣ እሷ ሽንሽን ትሰፋለች። ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ሠላሳውን ያሳለፈችው በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው።

«እጄ ካረፈ እጮሃለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ማታ አዳራሹ ውስጥ የልጆቹን የጭፈራ ልብስ ስተኩስ ነበር። በአራት ሰዓት ስመለስ መብራቱ ጠፍቷል፤ ተኝተዋል ብዬ በጣቴ አለፍኩ። ልብሳቸው እንደበሰበሰ አይቻለሁ፤ አባቴ ደጅ ላይ ዝናብ ሲመታቸው እኔ ተኝቼ ነበር።»

ኤልስፔት የክሩን ጥቅልል ወደ እጇ አቀረበችላት።

«ወደ ካናዳ ሥራ ልካችሁ ታውቃላችሁ?»

«ስድስት ዓመት አለፈን። ትዕዛዙ ቀረ። አባቴ ዘመኑ ነው ይሉ ነበር።»

በሩ ተከፈተና ታም ብሬምነር የሾርባ ድስት ይዞ ገባ። ከመንገዱ ማዶ ለጎብኚዎች ዕቃ የሚሸጠው ታም የሟቹ የአርባ ዓመት ጓደኛ ነው። ኪልት ሳይለብስ ታይቶ አያውቅም፤ በሱቁ በሚሸጠው ፖስታ ካርድ ላይ ያለው ሰውዬ ራሱ ነው።

«ኤልስፔት፣ አንቺ ልጅ፣ አረጀሽ እኮ» አለ። «በልጅነትሽ በሜዳው ላይ ስትጨፍሪ ትናንት ይመስለኛል። ያን ካናዳዊ ገና አላሰርሽውም? ከጎህ ጀምሮ ሜዳው ላይ ድንኳኔን ስተክል ሰው ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራው።»

«ማታስ የት ነበርክ?»

ድስቱን ለማስቀመጥ ቦታ ፈለገ። «ቤቴ። ብቻዬን። የማታው ምን አገባን?»

«ምንም» አለች ኤልስፔት። ዓይኗ ግን ታም ጉልበት አጠገብ ያለው መርፌ ቁልፍ ላይ ቀርቶ ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት አራቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው፤ ኢሽበልን፣ ራስልን፣ ታምን፣ ሳጅን ፊንሌይን። ከመደርደሪያው አንድ አዲስ ኪልት ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ መርፌ ቁልፉም አጠገቡ አለ። ኤልስፔት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቆሜ አልችልም፣ ይቅርታ» አለች። «ዱጋልድ የሞቱት ዛሬ ጠዋት አይደለም። ልብሳቸው በስብሷል፣ ዝናቡ ግን ከመንጋቱ በፊት ቆሟል። ማታ ነው የሞቱት፣ ኢሽበል አዳራሽ ሳለች። ማታ ደግሞ ኪልት አይለብሱም፤ የሥራ ሱሪያቸውን ነው የሚለብሱት። ስለዚህ ሰው አልብሷቸዋል፣ ጠዋት የሞቱ እንዲመስል። ፊንሌይ፣ ተነሥና ይሄን በሱሪህ ላይ ልበስ።»

«እኔ?» አለ ሳጅኑ። «እኔማ በሠርግ ጊዜ ሚስቴ ናት የምታስርልኝ።»

«አመሰግናለሁ፣ ተቀመጥ። ኢሽበል?»

ኢሽበል ኪልቱን በወገቧ ዞረችው። የውስጠኛውን ጠፍር በግራ በኩል ባለው ጠባብ ቀዳዳ አሾልካ በውጭ ባለው ዘለበት አሰረችው፣ ከዚያ የላይኛውን ሽፋን ወደ ቀኝ አምጥታ ቆለፈች። አሥር እስኪቆጠር አልፈጀባትም።

«ራስል ለብሷል፤ ግራ ዳሌው ላይ ጠፍሩ ሲወጣ ይታያል። አሁን አንተ፣ ታም።»

«እኔም ለብሻለሁ እኮ። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ።»

«በላዩ ላይ ልበሰው።»

ታም ሳቅ ብሎ ኪልቱን ከኢሽበል ተቀበለ። ጨርቁ ከባድ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አመለጠው። የውስጠኛውን ሽፋን ወገቡ ላይ ጫን ጫን አደረገ፣ የሚጣበቅ ነገር እንደሚፈልግ። የሚጣበቅ የለም። በላዩ ላይኛውን አምጥቶ በቀኝ በኩል ያሉትን ዘለበቶች ቆለፈ። ከዚያም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ መርፌ ቁልፉን አንሥቶ ሁለቱን ሽፋኖች አንድ ላይ ወጋቸው። አንድ እርምጃ ሲራመድ ኪልቱ በግራ በኩል ሸርተት አለ፤ ጠፍሩ ከሥር ብቅ ብሎ ተንጠለጠለ።

ታም ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን አየ።

«ቀዳዳውን በጭራሽ አታውቀውም ነበር» አለች ኤልስፔት። «ያንተ ኪልቶች ቀዳዳ የላቸውም፣ ቬልክሮ ነው ያላቸው። ስስ ስለሆኑ ነፋስ እንዳይገልጣቸው ሁለቱን ሽፋን በመርፌ ቁልፍ ትወጋለህ፤ እጅህ ለምዶታል። ዱጋልድን ስታለብሳቸውም እጅህ የለመደውን አደረገ። የራስልን ወንድም ልብስም፣ የሚልንን ስም ለጥፈህ የላክኸው አንተ ነህ። ዱጋልድ አወቁብህ።»

ታም ከኪልቱ ጋር ወንበር ላይ ወደቀ። «ስሙን ብቻ ነው የወሰድኩት» አለ። «እሱ በዓመት ሃያ ነው የሚሰፋው፣ ስሙ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ተው ብዬ ለመንኩት። በሜዳው ላይ፣ በልጆቼ ፊት ሊያዋርደኝ ነው። እጁን ያዝኩት፣ መነጨቀኝ፣ ገፋሁት። እዚሁ ክፍል ውስጥ ከካውያው ማስቀመጫ ብረት ጋር ተጋጨ። ከዚያ... ከደረጃው የወደቀ እንዲመስል አልብሼ አወረድኩት። ያን ልብስ እንደሚወድ አውቃለሁ። በደንብ ያለበስኩት መስሎኝ ነበር።»

«ሾርባ አምጥተህልኛል» አለች ኢሽበል።

ፊንሌይ ታምን ይዞት ወጣ። በራስል አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለና «መርፌ ቁልፉን ነግረኸኝ ነበር» አለው። ይቅርታ ለማለት የቀረበው እስከዚያ ድረስ ነው።

ኢሽበል የተላቀቀውን ኪልት አጣጥፋ ወደ ኤልስፔት ዞረች። «የአባቴን መቼ ትመልሱልኛላችሁ? ሐሙስ እንቀብራቸዋለን።»

ኤልስፔት ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምራ ስትፈራው ነበር። «ማስረጃ ነው። ፍርዱ እስኪያልቅ አይወጣም። ዓመት ሊፈጅ ይችላል።»

«ሌላ የላቸውም። ለሰው ሲሰፉ ለራሳቸው ያንን አንዱን ብቻ ነው የሰፉት።» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «በሱሪ ልቀብራቸው ነው?»

ራስል ተነሣ። በግራ ዳሌው ያለውን ጠፍር ፈትቶ ከቀዳዳው አሾለከው፣ የቀኙን ዘለበቶች ፈታ። ከሥር እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ሸሚዙና ካልሲው ብቻ ቀሩ። ኪልቱን በሁለት እጁ ዘረጋላት።

«የአያቴ ነው» አለ። «እዚህ ቤት የተሰፋ።»

ኢሽበል ወገቡን ገልብጣ ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። «የእኔ አያት የእጅ ሥራ ነው» አለች። «ግን ታርታኑ፣ የጨርቁ ባለመስመር ጥለት፣ የእናንተ ቤተሰብ ነው እኮ። የሚልን አይደለም።»

ሦስት ቀን ሙሉ ማን የማንን ታርታን መልበስ እንደሚችል በሚወስነው ሕግ ከተማውን ያሰለቸው ሰው ትከሻውን ነቀነቀ። «የሚጠይቃቸው የለም። ወንድሜን በደንብ ማልበስ አልቻልኩም። እኚህን ላልብሳቸው።»

«አንተስ ምን ለብሰህ ትሄዳለህ?»

«ሻንጣዬ ውስጥ ሱሪ አለኝ። ማታ ማታ እለብሰዋለሁ፤ ለማንም እንዳትነግሪ።»

ኢሽበል ሳቀች፣ ከዚያም ጨርቁን ፊቷ ላይ ጭና አለቀሰች። ኤልስፔት ካፖርቷን አውልቃ ለራስል ሰጠችው፤ እስከ ማረፊያው ድረስ መንገድ አለውና።

ሐሙስ ጠዋት ሬሳው ሲገነዝ ኤልስፔት እዚያው ነበረች። ሥራዋ አልነበረም። ራስል ሽማግሌውን ከወገባቸው ቀና አድርጎ ያዘ፤ ኢሽበል ጠፍሩን በቀዳዳው አሾልካ ዘለበቱን ቆለፈችና፣ ጠብቆ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጎተት አድርጋ አየችው።