ዳር የተለጠፉት መቀሶች

«እነዚህን መቀሶች መሀል ላይ ያስቀመጠ ማነው?» አሉ ቲቸር አለምነህ፣ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለው።

ያብስራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ለባዮሎጂ በተሠራው ሞዴል ውስጥ ሳፋው ባክቴሪያ ነው። ቀዩ ክር የሴሉን መልእክት የሚያደርሰው አርኤንኤ ነው፤ ከካርቶን የተቆረጡት መቀሶች ደግሞ ሥራውን የጨረሰውን መልእክት የሚከታትፉት ኢንዛይሞች። ሞዴሉን የሠራችው ጓደኛዋ ማርዋ ናት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጃሚዓ ሰፈር ባለው አክስቷ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ። ያብስራ ጽሑፉን በኮምፒውተር ከመጻፍ ሌላ የነካችው ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን ማርዋ ለዙሁር ሶላት ስትወጣ፣ ያብስራ የሳፋው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፉትን መቀሶች አየችና «ዳር ዳሩን ይዘው አያምሩም» ብላ ሁሉንም ነቅላ መሀል ላይ በተነቻቸው። ማንም አልለመናትም፤ እጇ አላርፍ ብሎ ነው።

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር» አለች ማርዋ ግራ ተጋብታ። «ወላሂ ዳር የለጠፍኳቸው ነበር የመሰለኝ። ትናንት አፍርሼ ስሠራው ተምታቶብኝ ይሆናል።»

«ያብስራ፣ አንቺስ? ቦታቸው የት ነው?»

ያብስራ መልሱን የትም አላነበበችውም፤ በገዛ እጇ የነቀለችበት ቦታ ግን ዓይኗ ላይ ነበር። «ዳር፣ ቲቸር። ሽፋኑ ላይ፣ በውስጥ በኩል።»

«ጎበዝ! ዋናው ኢንዛይም እዚያ ይጣበቃል፣ ረዳቶቹም እሱ ላይ ይሰባሰባሉ። እንግዲያው ነገ ወላጆች ፊት የምታስረጂው አንቺ ነሽ።»

ኮሪደሩ ላይ ማርዋ ስልኳን አወጣች። እናቷ ሀምዲያ ከዚህ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ፣ መካ ውስጥ፣ ኩዳይ በሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ነገ ማርዋ ስታስረዳ ለማየት የአንድ ቀን ፈቃድ እንድትሰጣት አሠሪ ማዳሟን ወር ሙሉ ስትለምን ከርማለች።

«እማን አትምጪ ልበላት» አለች ማርዋ። «ኸላስ በቃ፣ ምን ልታይ ትመጣለች?»

ያብስራ አፈረች፤ ራሷንም ጠላች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ማርዋ እንኳ የምትወቅሰው ራሷን ነው፤ ይሄ ከሁሉም ባሰባት።

«አትደውዪ» አለች። «መቀሶቹን ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። አንቺ ሶላት ላይ ሆነሽ።»

ማርዋ ትክ ብላ አየቻት። «ለቲቸር የመለስሽላቸውስ?»

«እሱም ያንቺ ነው። ከሳፋው ላይ ስነቅላቸው ነው ያየሁት።»

ብትሰድባት ይቀላት ነበር። ማርዋ ግን ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«ለምን ዳር እንደሚሆኑ ታውቂያለሽ?» አለች።

«አላውቅም።»

«መሀል ላይ የተሠራው አዲስ መልእክት ሳይነበብ እንዳይቆረጥ ነው። ትንሽ ጊዜ ያገኛል።» የተናገረችው በንዴት ነበር።

ያብስራ ይቅርታ ልትላት አፏን ከፈተችና ተወችው። እዚህ ኮሪደር ላይ፣ ሁለቱ ብቻ ሆነው የሚባል ይቅርታ የነገውን ቀን ለማርዋ አይመልስላትም። ዞር ብላ ወደ ቲቸር አለምነህ ቢሮ ሄደችና በሩን አንኳኳች።

«ማነው?»

«ያብስራ ነኝ፣ ቲቸር» አለች፣ ገና ደጅ እንደቆመች። «ነገ የማስረዳው እኔ አይደለሁም።»