ለቀዩ ውሃ ስንት ይከፍላሉ?

«ለባሕር ልክፈል? እኔ?» ማኖ ኦንዶይ ሊጠግነው የያዘውን መረብ ጭኑ ላይ ጥሎ ሳቁን ለቀቀው። «ባሕሩ ነው እንጂ ለእኔ መክፈል ያለበት! ሁለት ጀልባና አንድ አማች ወስዶብኛል። አማችየውን ይያዘው፣ ጀልባዎቼን ይመልስልኝ፣ በያት።»

ጁቬሊን ቀልዱን አልተረጎመችውም። «ምንም ነው የሚሉት፣ ሚስ» አለችና ቅጹ ላይ ዜሮዋን በብዕር ከበበቻት።

ሚስ አልሚራ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ቀጭን ወጣት ናት፤ በሁለት ቀን ውስጥ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጦ አልቋል። የሳማርን ቋንቋ ስለማትሰማ ትምህርት ቤቱ ከዘጠነኛ ክፍል ጁቬሊንን አስተርጓሚም ጸሐፊም አድርጎ ሰጣት። የተመረጠችው ጽሕፈቷ ስለሚነበብ ነው። ጁቬሊን ሌላ ሰው እንዲሄድ መምህሩን ለምና ነበር፤ መምህሩ ግን ዓይን አፋርነት መስሎት ጭራሽ አበረታታት።

ጥያቄው ከቤት ቤት አይለወጥም። በአሁኑ አያያዝ ባሕሩ ሲቀላ የታሆንግ ናሙና ማኒላ ድረስ ተልኮ ይመረመራል፤ ታሆንግ ማለት ሰፈሩ በቀርከሃ ምሰሶ ላይ የሚያረባው፣ አረንጓዴ ቅርፊት ያለው የባሕር ዛጎል ነው። ውጤቱ እስኪመለስ ሳምንት ያልፋል፤ ሆድ ደግሞ ሳምንት አይጠብቅም። ምርመራው እዚሁ እንዲደረግና ማስጠንቀቂያው በሁለት ቀን እንዲደርስ ገንዘብ ቢዋጣ፣ ቤተሰብዎ በወር ስንት ይከፍላል? ምንም፣ ሃያ፣ ሃምሳ ወይስ መቶ ፔሶ?

የሰፈሩ ሹም ሚስት አምስት መቶ አለች፤ ብላም ማን እንደሰማት ዞር ዞር ብላ አየች። አንዲት ባልቴት ጥሬ ገንዘብ የለኝም፣ በደረቅ ዓሣ ይሁንልኝ ብላ ተደራደረች። ከሁሉም የበዛው መልስ ግን ይህ ነበር፦ «ለምኑ ብለን? አቼቶ እያለ!»

በካንዳኖግ ሰፈር ይህንን የማያውቅ ሰው የለም። ባሕሩ ሲቀላ ታሆንጉ በኮኮናት አቼቶ በደንብ ከተቀቀለ መርዙ ይሞታል። የባዮሎጂ መምህሩ፣ መርዙ የሚመጣው በዓይን ከማይታይ ዋቅላሚ ነው፤ ታሆንግ ውሃውን ሲያጣራ ሥጋው ውስጥ ያከማቸዋል፤ መቀቀልም አቼቶም አያጠፋውም ብሎ አስተምሯል። ተማሪዎቹ ይህንኑ ፈተና ላይ ጽፈው ሙሉ ነጥብ አገኙ፤ ከዚያ ቤታቸው ገብተው በአቼቶ በሉ።

ጁቬሊን ብቻ አትበላም። ከሁለት ዓመት በፊት ቡቦይ የሚባል የስድስት ዓመት ወንድም ነበራት። ያን ጊዜ ታታይ፣ አባቷ፣ የሰፈሩ የባሕር ጠባቂ ነበር። ባሕሩ መዘጋቱን ያወጀው እሱ ነው፤ ድምፅ ማጉያውን ይዞ «ታሆንግ እንዳትበሉ! እንዳትሸጡ!» እያለ የባሕሩን ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞረበት። ሲመለስ ከገዛ ምሰሶው አንድ ቅርጫት ነቅሎ ይዞ መጣ። ክልከላው አቼቶ ለማያበዙት፣ ለከተማ ሰዎች ነው ብሎ ያምን ነበር። እሱ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም እንደዚያ ያምን ነበር።

ቡቦይ ከምሳ በኋላ አፉን በእጁ እየዳበሰ ወደ ጁቬሊን መጣ። «ከንፈሬ የለም» አላት። እሷም ሳቀች። ቀጥሎ እየበረርኩ ነው አለ፤ ቀጥሎ እግሩ አልቆም አለው። የኮኮናት ወተት በስኳር አጠጡት። ጀልባው ሆስፒታሉ ጋ ከመድረሱ በፊት መተንፈስ አቆመ።

ታታይ በቀብሩ ዕለት የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ትኩሳት ነበር በሉ።» እነሱም አሉ። ባሕር ጠባቂነቱን በሳምንቱ ተወው፤ ለምን ብሎ የጠየቀውም ሰው አልነበረም።

ከማኖ ኦንዶይ ቤት በኋላ የቀሩት ሁለት ቤቶች ናቸው። የመጀመሪያው የእነ ጁቬሊን ነው።

«እዚህ ሰው የለም፣ ሚስ» አለች ጁቬሊን ሳትቆም። «ባሕር ወጥተዋል።»

ከውስጥ ታታይ ሳለ።

«ባሕሩ ጉንፋን ይዞታል ማለት ነው» አለች ሚስ አልሚራ ፈገግ ብላ። ከዚያ ቅጹ ላይ የተጻፈውን የቤተሰብ ስም አየችና ፈገግታዋን ሰበሰበች። «የእናንተ ቤት ነው እንዴ? ምን ሼም አለው? የእናንተም መልስ ይቆጠራል እኮ።»

ታታይ ያለቻቸውን አንዲት የፕላስቲክ ወንበር በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ለእንግዳዋ ሰጠ። እሱ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ናናይ፣ እናቷ፣ ማድ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። የቢላዋው ድምፅ እስከ ሳሎን ይሰማል።

«ስንት ናችሁ?»

«ሦስት።»

«ባለፉት አምስት ዓመታት ከዚህ ቤት በቀዩ ውሃ የታመመ ወይም የሞተ ሰው አለ?»

ጁቬሊን ጥያቄውን ወደ ሳማርኛ ስትመልሰው «የሞተ» የሚለው ከአፏ አልወጣ አላት። «የታመመ ሰው አለ ወይ ነው የምትልህ፣ ታታይ።»

የቢላዋው ድምፅ ቆመ።

«የለም» አለ ታታይ።

ቢላዋው ቀጠለ። ጁቬሊን በዚያ በሚነበበው ጽሕፈቷ «የለም» ብላ ጻፈች። ብዕሩ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም።

«ስንት ለመክፈል ፈቃደኛ ነዎት?»

«መቶ» አለ ታታይ፣ ገና ትርጉሙ ሳያልቅ። ከዚያ አንገቱን ሰግጎ ቅጹን አየ። «ከመቶ በላይ የለውም እንዴ?»

ሚስ አልሚራ ጣሪያውን አየች፤ ቆርቆሮው በሦስት ቦታ በላስቲክ ተደፍኗል። «ቅጹ ምክንያቱንም ይጠይቃል። በቤታችሁ የተጎዳ ከሌለ ይህን ያህል ለምን?»

ታታይ እጆቹን አገላብጦ አያቸው። «እንዲሁ ነው» አለ። «የሌሎች ሰዎች ልጆች አሉ።»

ጁቬሊን ይህንንም ጻፈች።

የመጨረሻው ቤት የማና ፓሲንግ ነው። ማና ፓሲንግ ሰፈሩን ሁሉ በምላሷ የምታስተዳድር፣ ወፍራም፣ ደግ ሴት ናት። የልጅ ልጇ ቲንቲን ዛሬ አራት ዓመት ሞልቷት የወረቀት ዘውድ ደፍታለች። ድስቱ ምድጃው ላይ ተጥዷል፤ የአቼቶው ሽታ ገና ከደጅ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«ግቡ፣ ግቡ! ጁቢ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? ይህቺ ሴትዮ በእግር እያዞረች ልትጨርስሽ ነው» አለች ማና ፓሲንግ። «ልደት ላይ ነው የደረሳችሁት። ታሆንጉ አንድ ፍላት ነው የቀረው።»

ሚስ አልሚራ ድስቱን አይታ ደነገጠች። «ባሕሩ ከቀላ እኮ ሦስት ቀኑ ነው! ውጤቱ ገና ነው፣ አይብሉት በያቸው፣ ጁቬሊን።»

ጁቬሊን ተረጎመች። ማና ፓሲንግ እጇን አወናጨፈች።

«ይህቺ ትናንት ደረቅ ዓሣ ሸተተኝ ብላ ስታስመልስ አላየኋትም? እሷ ናት ስለ ባሕር የምትነግረኝ? የእኔን መልስ ጻፊ፦ ዜሮ። አንድ ጠርሙስ አቼቶ በአሥራ ስምንት ፔሶ እያገኘሁ በየወሩ የምከፍለው እብድ ነኝ?»

«ማና ፓሲንግ፣ አቼቶ አያጠፋውም። ትምህርት ቤት…»

«ትምህርት ቤት! አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ስቀቅል የኖርኩ ሴት ነኝ።» ማና ፓሲንግ ማንኪያዋን አነሳችባት፤ ለቀልድ ነው። «እስቲ ከዚህ ሰፈር በአቼቶ የተቀቀለ ታሆንግ በልቶ የሞተ አንድ ሰው ስሙን ጥሪልኝ። አንድ! ከጠራሽልኝ መቶ ፔሶ እከፍላለሁ።»

ቲንቲን የድስቱን ክዳን ከፍታ ልታይ እግሯን አንጠራራች።

«ምን አሉ?» አለች ሚስ አልሚራ።

ጁቬሊን አልተረጎመችም። የሚነበበው ጽሕፈት የሰፈረበትን ወረቀት ወንበሩ ላይ በደረቱ ደፋችው።

«ቡቦይ» አለች።

ማና ፓሲንግ ሳቋ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «ምን ማለትሽ ነው? ቡቦይ በትኩሳት ነው እኮ…»

«ትኩሳት አልነበረውም። ሰውነቱ ቀዝቃዛ ነበር። እኔ ነኝ ጀልባው ላይ የያዝኩት።»

«አቼቶ…» ማና ፓሲንግ ድምፅዋ ወረደ። «አቼቶ ነበረበት?»

«ነበረበት።»

 ማና ፓሲንግ ጨርቅ ሳትይዝ በባዶ እጇ ድስቱን አነሳች፤ አቃጠለኝም አላለችም። ከቤቱ ጀርባ ወጥታ ጉድጓድ በአካፋ ስትቆፍር ተሰማ። ቲንቲን ልደቷ መሬት ውስጥ ሲገባ አይታ እሪታዋን አቀለጠችው።

ማና ፓሲንግ ስትመለስ አልቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«ሁለት ዓመት» አለች። «እዚህ በር ላይ ቆመሽ ስቀቅል ታዪኝ ነበር። ይህችን ሕፃን ሳጎርሳት ታዪ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጁቢ?»

 እውነት ነው። ጁቬሊን ስታይ፣ አንድ ነገር ይሆናሉ ብላ ስትፈራ፣ ምንም ሳይሆኑ ሲያድሩ ደግሞ ስትተነፍስ ነው የኖረችው። አንዳንዴማ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላት፣ ለምን የእኛ ቤት ብቻ ብላ ተናድዳለች።

ሚስ አልሚራ ቃሉን ባትሰማም ነገሩ ገብቷታል። ቅጾቹን ቀስ ብላ ሰበሰበችና «ሂጂ፣ እኔ የመጣሁበት መኪና ጋ እጠብቅሻለሁ» አለቻት።

ወሬ በካንዳኖግ ከሞተር ጀልባ ይፈጥናል። ማኖ ኦንዶይ ከወዲሁ መረቡን ጥሎ ወደ ማና ፓሲንግ ቤት እያዘገመ ነበር። ጁቬሊን ሮጠች። ታታይ ከሰው አፍ እንዲሰማው አልፈለገችም።

እሱ እዚያው ደፉ ላይ ነበር።

«ታታይ፣ ተናገርኩ» አለች እያለከለከች። «ለማና ፓሲንግ ስለ ቡቦይ ነገርኳት። ለቲንቲን ልታበላት ነበር።»

ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አልጮኸም። ድምፅ ማጉያ ይዞ የባሕሩን ዳር ያናውጥ የነበረው ሰው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።  ጁቬሊን እጇን ልትጭንበት ዘረጋች፤ የት ላይ እንደምትጭነው ግን አላወቀችም።

ናናይ ከማድ ቤት ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሽንኩርቱ ነው እንዳይባል ከትፋ ከጨረሰች ቆይታለች።

«ግማሹን ነው የነገርሻት» አለች።

«እንዴት?»

«ታሆንጉን ታታይሽ ነው ያመጣው። ሰው ሲሰማ በእሱ ብቻ ነው የሚፈርደው።» ናናይ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። «ያን ቀን ይበቃል እያለኝ የአቼቶውን ጠርሙስ እስከ አተላው የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ቡቦይ ኮመጠጠኝ ብሎ ሊተወው ነበር። ብላ፣ መድኃኒት ነው ብዬ በእጄ ያጎረስኩት እኔ ነኝ።»

ጁቬሊን ይህንን አታውቅም ነበር። ታታይም ከግድግዳው ቀና ስላለ፣ ምናልባት እሱም እንደዚህ በቃል ሲነገር ሰምቶት አያውቅም።

ናናይ ነጠላ ጫማዋን አደረገች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። በማና ፓሲንግ ደጅ ላይ አምስት ስድስት ሰው ተሰብስቧል፤ አንዳንዱ ወደዚህ ያያል።

«አንቺ ከታታይሽ ጋር ቅሪ» አለች ናናይ ዞር ሳትል። «የድርሻሽን ጨርሰሻል። መምጣት የለብሽም።»

«አውቃለሁ» አለች ጁቬሊን፤ የእናቷን እጅ ያዘችና ደረጃውን ቀድማ ወረደች።