ባዶው ሥራ

የማሽን ክፍሉ ኃላፊ በግንባራቸው ተደፍተው የተገኙት ከኮምፒዩተሮቹ መደርደሪያ ጀርባ፣ ማሽኖቹ ትኩስ አየር በሚተፉበት በኩል ነው። ማጅራታቸውን ተመትተዋል። ሐኪሙ ገላቸውን ዳሰሰና «ገና አልበረዱም፤ ከምሳ በኋላ ነው የሞቱት» አለ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሁሉም ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ከዘበኛው በቀር። ዘበኛው በካቴና ታስሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«ልጆቼ ሳይሰሙ ፍቱኝ፣ እባክዎ» አለ መርማሪዋን ሲያይ።

መርማሪዋ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ሬሳ ስታይ ምንም አይሰማትም። እዚያ ክፍል ውስጥ የተሰማት ሙቀቱ ብቻ ነበር።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይፋጃል?»

«ኧረ የለም» አለች የአየር ትንበያ ተመራማሪዋ። «ዛሬ ማሽኖቹ በሙሉ ተይዘዋል። እንዲያሰሉልኝ ያዘዝኳቸው ሥራ ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ ላይ ነው፤ አንድ ፕሮሰሰር እንኳ አልደረሰኝም።»

«ማን ያዘው?»

«በጋሼ ስም የገባ ሥራ ነው። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ እሳቸው ግን እንዲህ አያደርጉም። ‹በየማሽኑ አንድ ፕሮሰሰር ተዉ፣ ማሽኑም ይተንፍስበት› እያሉ ቁም ስቅላችንን ነበር የሚያሳዩን።»

ምክትላቸው ከንፈሩን ነከስ አደረገ፤ የቆየ ክርክሩን ግን መተው አልቻለም። «የሽማግሌ ወግ! አንድ አንዱን መተው ብክነት ነው። እኔ ብሆን ሁሉንም ነው የምይዘው።»

መርማሪዋ ያለውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ዘበኛውን ጨምራ ሁሉንም ከመደርደሪያው ጀርባ ሰበሰበቻቸው።

«ይኼ ሥራ ምን እያሰላ ነው?»

ተመራማሪዋ ስክሪኑን አየች። «ምንም። አንዱን ቁጥር መልሶ መላልሶ መደመር። ባዶ ሥራ ነው።»

«ሙቀት ግን ይሰጣል። ሰውየው የሞቱት ጠዋት ነው። ሥራው ሬሳቸውን እስክናገኘው ድረስ አሞቀው፤ ሐኪማችንም ተሸወደ። ዘበኛው ተረኛ ሆኖ የገባው እኩለ ቀን ላይ ነው። የሟቹን የይለፍ ቃል ከምክትላቸው ሌላ የሚያውቅ አለ?»

የሁሉም ዓይን ወደ ምክትሉ ዞረ።

«በስማቸው ገባህ፤ ሥራውን ያዘዝከው ግን በራስህ ልማድ ነው። አንድም ፕሮሰሰር አላስቀረህም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ወንድሜ፤ ቅድም ራስህ ነገርከኝ።»

ምክትሉ አልካደም። ድምፁ ደረቅ ነበር። «ሦስት ዓመት ጥናቴን ወደ ወረፋው መጨረሻ ሲገፋው ኖረ። ዛሬ ጠዋትም ‹ትንሽ ታገስ› አለኝ።»

ካቴናው ከዘበኛው እጅ ወደሱ ተዛወረ። ዘበኛው አንጓውን እያሸ ወደ ቤቱ ሊደውል ወጣ።

ተመራማሪዋ ባዶውን ሥራ አቋረጠችው። ማሽኖቹ ለአፍታ ጸጥ አሉና እንደገና መጮኽ ጀመሩ።

«ተራሽ ደረሰ?» አለቻት መርማሪዋ።

«የኔ አይደለም። ከኔ ፊት ሌላ ሥራ ነበር።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ተራ የደረሰው የሱ ጥናት ነው።»

ምክትሉ ስክሪኑን የሌላ ሰው ነገር እንደሚያይ አየው። «አታጥፉት» እንኳ አላለም። አንድ ፖሊስ ክንዱን ሲነካው በሩ ወዳለበት ዞረ።