ያልተላቀቀችው መያዣ

ብሩኬ ዱባለ ከቤቴል ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ከድንጋይ አጥር ሥር ሞቶ ተገኘ። አንድ ትልቅ ሸራ አጥሩ ላይ ተጠምጥሞ ይንፈራገጣል። ገመዶቹ ከሟቹ ወገብ አልተለዩም። ቀኝ እጁ አንዲት ቀይ የፕላስቲክ መያዣ ጨብጧል።

«ሸራውን ያስነሳህለት አንተ ነህ?» አለች ኢንስፔክተር ሸዋገነት።

«አዎ» አለ ጉዲሳ፣ የአየር ጤና መካኒክና የብሩኬ አብሮ አደግ። «ሥራው እኮ ነው። ውጭ አገር እሱ የሚሠራበት ደሴት ላይ ባሕሩን ኮራል የሚሉት የባሕር ድንጋይ ከልሎታል፤ ውሃው ከወገብ አያልፍም። ሸራው በንፋስ ወደ ላይ ተነስቶ ይጎትታል፣ ሰዉ በሳንቃ ይንሸራተታል። ‹እዚያ የወደቀ ይስቃል እንጂ አይሞትም› ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ እዚህ፣ ውሃ በሌለበት?»

«ለአባቱ ለጋሼ ዱባለ ሊያሳያቸው ነበር። አልመጡም።»

«ይህቺ መያዣስ?»

«ንፋሱ ሲበረታ እሷን መግፋት ነው፤ ሸራው ይለቃል። ሁልጊዜ ቀድሞ ይሞክራታል። ዛሬ ንፋሱ መጣ ብሎ ቸኮለ። ከዚያ ‹እምቢ አለች!› ብሎ ሲጮህ ሰማሁ፤ ሸራው ጎትቶ አጥሩ ላይ ጣለው።»

ሸዋገነት መያዣዋን ገፋቻት። አልነቃነቅ አለች። ከሥሯ በሰም በተነከረ ጥቁር ክር ጥብቅ አድርጎ የሰፋት ሰው አለ። ይህን ለማንም አልተናገረችም። አብሮት የነበረው ጉዲሳ ብቻ ስለሆነ ተጠርጥሮ ጣቢያ ገባ።

አቶ ዱባለ አየር ጤና ላይ ከልጃቸው ከምሥራቅ ጋር የጭነት መኪና ሸራ ይሰፋሉ። ሸዋገነት መጀመሪያ ምሥራቅን አነጋገረች።

«አባዬ ለእድሩ ሰዎች ‹ልጄ የመርከብ መኮንን ነው› ብሎ ነበር» አለች ምሥራቅ። «ብሩኬ መጥቶ ቪዲዮውን አሳያቸው። አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ቆሞ አንዲት ፈረንጅ ከኋላ ይዞ ያስተምራል። አንዱ ሽማግሌ ‹ዱባለ፣ መርከቡ የታለ? ልጅህ ፌስታል ነው እንዴ የሚያበረው?› አላ! አባዬ ‹እንዲህ ያለ ልጅ አላውቅም› ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላናገረውም።»

«ቀይዋ መያዣ ምን እንደምትሠራ ታውቂያለሽ?»

«አሳይቶኛል። ‹ነፍሴ እሷ ናት› ነው ያለኝ።»

አቶ ዱባለ ግን ዞረውም አላዩአት። «ያንን መጫወቻ አይቼውም ነክቼውም አላውቅ።»

«ቀይዋ መያዣ ጉድ አደረገችው» አለች ሸዋገነት።

አዛውንቱ ክው አሉ። «እንደገና ተላቀቀች?»

«አይ። አልላቀቅ አለች።»

አቶ ዱባለ የሸራው ክምር ላይ ቁጭ አሉ።

በማግስቱ ሸዋገነት ጉዲሳን ይዛ መጣች። አራቱም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ።

«መያዣዋ ተሰፍታ ነበር» አለች። «ክሩ የዚህ ቤት ነው፤ ስፌቱም የሸራ ሰፊ እንጂ የመካኒክ አይደለም። ምሥራቅ መያዣዋ ምን እንደምትሠራ ታውቃለች፤ እሷ ሰፍታት ቢሆን ‹አላውቅም› ማለት ይቀላት ነበር። አቶ ዱባለ፣ እርስዎ አይቼው አላውቅም አሉ። ጉድ አደረገችው ስልዎ ግን ‹እንደገና ተላቀቀች?› ብለው ጠየቁኝ። ስትላቀቅ ያላየ ሰው ‹እንደገና› አይልም። እዚህ ቤት የሚላቀቅ ነገር ሁሉ ብልሽት ነው፤ ጭነት ይጥላል። እሷ ግን የተሠራችው እንድትላቀቅ ነው።»

ምሥራቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ግቢ ውስጥ ሲለማመድ በመስኮት አየሁት» አሉ አቶ ዱባለ። «እጁ ላይ ስትላቀቅ የተበላሸች መሰለኝ። ልጄን እንዳትጥልብኝ ብዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰፋሁለት።»

«አባዬ፣ ብትነግረው እኮ ስቆ ይበጥሰው ነበር! ለምን አልነገርከውም?»

«በሰው ፊት አላውቅህም ብዬው... በምን አፌ? አፈርኩ።»

ጉዲሳ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ትናንት ገብቶዎታል። ታዲያ እኔን ለምን ጣቢያ አሳደሩኝ?»

«እሱንም አፍሬ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይሰማ ሊቀር ምንም አልቀረው።

አቶ ዱባለ ወደ ጣቢያ ከመሄዳቸው በፊት ቀራንዮ፣ ለቅሶ ወደተቀመጠበት ቤታቸው እንዲወስዷቸው ለመኑ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ጉዲሳን ሲያይ ተንጫጫ። አቶ ዱባለ እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ አስተማሪ ነበር። ሰው በሸራ ተጎትቶ ውሃ ላይ እንዲሄድ ያስተምር ነበር። ጉዲሳ አልነካውም። የገደለው የእኔ እጅ ነው።»

አንዱ ተነስቶ ወንበር ለቀቀላቸው። አቶ ዱባለ ወንበሩን ወደ ጉዲሳ ገፉለትና ቀድመው ወደ ፖሊስ መኪናው ሄዱ። ጉዲሳ ግን አልተቀመጠም።