ሐዲዱ ላይ ያልቆመው መኪና

ሕግን በአንደበቱ የሸመደደ ሰውና ሕግን በሥራው የለመደ ሰው እኩል አይደሉም፤ ልዩነታቸውም በፈተና ወረቀት ላይ አይታይም። የሚለዩት ማንም አያየንም በሚሉበት ሰዓት ነው። ያሳደገውን ሰው የከዳ አንድ ወጣት ይህን በገዛ ራሱ ላይ አስመስክሯል፤ ነገሩም እንዲህ ነበር።

በጥር ወር፣ በአንድ ሰኞ ማለዳ፣ መርማሪ ዴሊያ ኦቾዋ ከፍሬዝኖ በስተ ደቡብ ወዳለ የአልሞንድ እርሻ ተጠራች። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ስለ ነበር አስከሬኑን ያየችው በአጠገቡ ከደረሰች በኋላ ነው። ኡጃጋር ሲንግ፣ የስድሳ ስምንት ዓመት አዛውንት፣ ከከባድ መኪናው በር ሥር፣ የተፈነከተ ራሱን በማራገፊያው ሲሚንቶ ጠርዝ ላይ አድርጎ ወድቋል። ጥምጥሙ ተፈትቶ ከጎኑ ተዘርግቷል። መኪናው የአሲድ በርሜሎች ጭኗል፤ በአራቱም ጎኑ የአደገኛ ጭነት ምልክት ተለጥፏል።

ሟቹ ለአካባቢው የፑንጃብ ሹፌሮች የአደገኛ ጭነት ፈቃድ ፈተና የሚያስጠና መምህር ነበር፤ ሁሉም «ኡስታድ ጂ» ይሉታል። አስከሬኑን ያገኘው ደቀ መዝሙሩ ጉርቴጅ ነው። ጭነት አወራረድ ሊማር በአሥራ ሁለት ሰዓት ተቀጣጥረው እንደ ነበር ተናገረ። ይሁን እንጂ ቅዳሜ ዕለት ከመምህሩ ጋር በኃይለ ቃል ሲነጋገር ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ በመኪናው አጠገብ ሲጋራ ለኩሶ በመገኘቱ ኡስታዱ ፈተናውን በአንድ ወር አራዝሞበታል።

ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸዋል። በባቡር ሐዲዱ ማቋረጫ ላይ ያለ የመጋዘን ካሜራ፣ መኪናው በአሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ወደ እርሻው ሲያልፍ ቀርጾታል። ኡስታዱ በሕይወት ነድቶ ከደረሰ፣ በዚያ ከጉርቴጅ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም።

«እሜቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አላት ጉርቴጅ እጆቹን አጣምሮ። «ክሱ ከተከፈተ ለፈቃዱ የሚደረገውን የጣት አሻራ ማጣሪያ አላልፍም። ነጻ ብወጣ እንኳ ያን ጊዜ ማን ያሠራኛል? ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ሳትጽፊ አጣሪ።»

ዴሊያ ወደ አስከሬኑ ጎንበስ አለች። በሲሚንቶው ላይ እንዲህ ላለ ቁስል የሚበቃ ደም አላየችም። በመኪናው በር ኪስ ውስጥም እጇን አግብታ ምንም አላገኘችም፤ ከመቀመጫው ላይም፣ ከወለሉም የጭነቱ ወረቀት ጠፋ። ያለዚያ ወረቀት አደገኛ ጭነት አይንቀሳቀስም።

ከእርሻው ወደ ኡስታዱ ግቢ በመኪና አምስት ደቂቃ ነው፤ በአልሞንዱ መካከል ለመካከል በእግር ቢሄዱ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የሟቹ ሚስት ሃርደቭ በማስተማሪያው ክፍል ደጃፍ ተቀምጣ አገኘቻት። ባሏ ከቅዳሜ ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰና የስም ዝርዝር እያገላበጠ እንደ ሰነበተ ነገረቻት። ምን እንደ ሆነ ብትጠይቀው ሰኞ ከጭነት ሲመለስ እንደሚነግራት ብቻ ተናግሯል።

ቢሮውን የሚይዘው የኡጃጋር የእህት ልጅ ጃስካራን ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ወላጆቹ ሲሞቱበት ባልና ሚስቱ ተቀብለው አሳድገውታል። የጥያቄ መጽሐፉን የሚያዘጋጅ፣ ትምህርት የጨረሱትንም ስም ለመንግሥት መዝገብ የሚያስተላልፍ እርሱ ነው፤ ስሙ ያልተላለፈ ሰው ለፈተና አይቀመጥም። ራሱም ከባድ መኪና የመንዳት ፈቃድ ነበረው፤ ነገር ግን ከጠረጴዛው ርቆ አያውቅም።

«አሥራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ሲወጣ በመስኮት አይቼዋለሁ» አለ ዓይኑን እየጠራረገ። «ወረቀቱን በእጁ ይዞ ነበር። በበሩ ኪስ ከተተና ተነሣ።»

«ኪስ ውስጥ መክተቱን በዚህ ጉም አየህ?»

«ሌላ የት ያደርገዋል? ሹፌሩ ቀበቶውን እንዳሠረ እጁ ከሚደርስበት ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ሕጉ ነው። ጉርቴጅን ግን ጠይቂው። ቅዳሜ ‹ታያለህ› እያለ ሲዝትበት ሰምቻለሁ።»

ቀጥሎ ያነጋገረቻት ሌላዋ ተማሪ ፐርሚንደር ነበረች፤ በዚያው ሳምንት የምትፈተን፣ አንደበቷ የተሳለ ሴት። ጉርቴጅ ሰው ይገድላል መባሉን ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች።

«እሱ? ዶሮ ሲታረድ ዞሮ የሚቆም ሰው ነው። ኡስታድ ጂ ሁላችንንም ሰድበውናል። እኔንማ ‹ያንቺ እግር ከጆሮሽ የባሰ ደንቆሮ ነው› ብለውኛል።»

ዴሊያ ስድቡ ከምን እንደ መጣ ጠየቀቻት። ፐርሚንደርም ተረከችላት፦ ምልክት የለጠፈ መኪና ባቡር ኖረም አልኖረም ሐዲድ ሳይደርስ መቆም አለበት። ኡስታዱ ይህን በወረቀት ማስተማር አይበቃውም ነበር። ተማሪዎቹ በገዛ ቤት መኪናቸው ሲመጡም፣ በእግራቸው ሲመጡም፣ ከሐዲዱ በፊት ቆመው እንዲያዳምጡ ያስገድዳቸዋል፤ የዘነጋ ተመልሶ ከግቢው ይጀምራል። ከቢሮ የማይወጣው ጃስካራን ብቻ ከዚህ ነጻ ነበር።

መርማሪዋ የካሜራውን ምስል ደግማ አየችው። መኪናው በጉሙ ውስጥ ብቅ አለ፤ ምልክቱ በግልጽ ይታያል፤ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሐዲዱን ተሻገረ።

በማግሥቱ ጉርቴጅን፣ ፐርሚንደርንና ጃስካራንን በየተራ በራሷ መኪና ወደ እርሻው ወሰደቻቸው፤ ቦታውን እንዲያሳዩኝ ነው አለች። በሐዲዱም ላይ በሦስቱም ጊዜ ሳትቆም አለፈች። ጉርቴጅ የጀመረውን ቃል ቆርጦ ሁለት እግሩን ወለሉ ላይ ተከለ። ፐርሚንደር መስኮቱን ከፍታ ጆሮዋን አወጣች፤ ካለፉም በኋላ «ፖሊስ ስለሆንሽ ባቡሩ የሚፈራሽ መስሎሻል?» አለቻት። ጃስካራን ስለ አጎቱ ደግነት እየተናገረ ነበር፤ ሐዲዱ ከሥሩ ሲንገጫገጭ እንኳ ወሬውን አላቋረጠም።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሁሉም በማስተማሪያው ክፍል ተሰበሰቡ። ዴሊያ ቆማ ተናገረች።

«ኡጃጋር ሲንግ ምልክት የለጠፈ መኪና ይዘው፣ ያውም በጉም ውስጥ፣ ሐዲድ ላይ ሳይቆሙ አያልፉም። ስለዚህ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ነበር። በሲሚንቶው ላይ ደም ያጣሁትም በዚህ ምክንያት ነው፤ እርሻው የደረሱት ሞተው ነው።»

«የቸኮለ ሰው ሁሉ ላይቆም ይችላል» አለ ጃስካራን። «ጉርቴጅም ቢሆን።»

«ልክ ነህ፤ እግር ብቻውን አያስፈርድም። ስለዚህ ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ትናንት ማታ ቢሮህን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ፈትሸናል። የጭነቱን ወረቀት ያገኘነው ካንተ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጥያቄ መጻሕፍትህ ሥር ነው። ከቢሮው ወጥቶ አያውቅም። ታዲያ አጎትህ በእጃቸው ይዘውት ሲወጡ እንዴት አየህ?»

ጃስካራን ወደ በሩ ተመለከተ።

«አላየህም። ሕጉ እንዲህ ስለሚል እንዲህ ይሆናል ብለህ ተናገርክ። መጽሐፉ ትዝ አለህ፤ ወረቀቱን መውሰድ ግን አላሰብክም። አጎትህ በሕይወት ሲወጡ አየሁ ያልክ አንተ ብቻ ነህ፤ ያም ውሸት ነበር። ምክንያቱን ደግሞ ዝርዝሩ ይናገራል፦ ለመንግሥት ከላክሃቸው ስሞች ሃያ ሰባቱ ከዚህ ክፍል ደጃፍ ደርሰው አያውቁም። ሁሉም በኡጃጋር ሲንግ ፊርማ ተመስክሮላቸዋል። ሰኞ ዕለት ሊያሳውቁብህ ነበር።»

ጃስካራን ፊቱን ወደ ሃርደቭ መለሰ። «አክስቴ፣ አንድ ሳምንት ስጠኝ አልኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹እነዚያ ያልተማሩ ሰዎች አሲድ ተሸክመው በትምህርት ቤት ደጃፍ ያልፋሉ፤ አንድ ቀንም አልሰጥህም› አለኝ። የጎማ መፈተሻው ዱላ በእጄ ነበር፤ መታሁት። ከዚያ በመኪናው ወስጄ እርሻው ላይ ጣልኩትና በአልሞንዱ መካከል በእግሬ ተመለስኩ።»

«እሱ እሁድ ሌሊቱን ሙሉ ላንተ ጠበቃ ሲፈልግ ነበር ያደረው» አለች ሃርደቭ። «እኔ የማን ጉዳይ እንደ ሆነ አላወቅኩም። አንተ ግን እሱን ገደልክ፤ አልበቃ ብሎህ ይህን የሁለት ልጆች አባት በእሱ ደም ልታሳስር ነበር። ከእንግዲህ አክስቴ አትበለኝ።»

ጉርቴጅ አልተከሰሰም። ይሁንና የትምህርት ቤቱ ምስክርነት በሙሉ ስለ ተሰረዘ፣ የእርሱና የፐርሚንደርም ከሐሰተኞቹ ጋር አብሮ ወደቀ፤ በሌላ ከተማ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ተማሩ። ጃስካራን በሰው መግደል ወንጀል ጥፋተኛ ተብሎ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ አመክሮ የማይጠየቅበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።