ባና የለበሰው ታንከር

በመንዝ ምድር በሙቀት የሚሞት ነገር ቢኖር የእኔ ኮምፒውተር ብቻ ነው።

ሰው በኅዳር ውርጭ ሁለት ጋቢ ደርቦ ጥርሱን ሲያፋጭ፣ እሱ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ይግልና ድርግም ይላል። ከደብረ ብርሃን ለእረፍት ስመጣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜው ነበር፤ ማቀዝቀዣው ተሰብሮ ደረሰ። ሌላ አስመጣለሁ ስል መንገዱ ተዘጋ። ለሁለት ሳምንት የመጣሁት ልጅ ስድስት ወር ሆነኝ። መሐል ሜዳ መናኸሪያ የቆሙት ሚኒባሶች ጎማቸው ሥር ሣር በቀለ። እኔም ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት።

መውጫ ባላገኝም ሥራ ግን ነበረኝ። አባቴ መሪጌታ ወልደ አማኑኤል ከአንድ ገዳም በአደራ ያመጡት፣ አይጥ ጥግ ጥጉን የበላው የብራና ድጓ አለ። ቅጠሉን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንስቼ፣ የደበዘዘውን ፊደል በኮምፒውተር አጉልቼ ላሳያቸው ቃል ገብቻለሁ። መጽሐፉ ለገና ወደ ገዳሙ ይመለሳል።

«ዓይኔ እየደከመ ነው፣ እስከዳር። በደንብ ሳላየው እንዳይሄድብኝ» ይሉኛል በየማለዳው።

በአሥር ደቂቃ ሥራ ድጓ አያልቅም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ግን ኮምፒውተርን በውሃ ሲያቀዘቅዙ በቪዲዮ አይቼ ነበር። ውሃው ከታንከር ተነስቶ የጋለው ክፍል ላይ ያልፍና ሙቀቱን ይዞ ይመለሳል። ታንከሩን የሚሸጥልኝ ስለሌለ፣ ሥዕሉን ደብተር ላይ ሥዬ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ብየዳ ቤት ሄድኩ።

በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ሥዕሉን አየ። ከዚያ እኔን አየ። እኔ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ኮምፒውተር ውስጥ ውሃ?»

«በቱቦ የሚሄድ ውሃ። ትችላለህ?»

«ስሜ ምንተስኖት ነው» አለ። «ከዚህ በላይ ምን ዋስ ልጥራልሽ?»

ሳልወድ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና፣ «ሥራ ሳልጀምር አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ። «ሞላሌ ያሉት የጌጡ ቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ኋላ ሰምተሽ ከምትሸሺ አሁኑኑ ስሚው።»

በእኛ አገር ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ የቤተ ክርስቲያኑን መስቀል ሳይቀር ቀጥቃጭ ይሠራዋል። ልጁን ለቀጥቃጭ ልጅ የሚድር ግን የለም። «ዓይናቸው ይወጋል» ይባላል። እኔ ተምሬያለሁ ባይ ነኝ፤ ልቤ ግን ድንግጥ ብሏል። ዋሽቼ ምን እጠቀማለሁ?

«እኔ የምፈልገው የማያፈስ ታንከር ነው» አልኩት።

በማግስቱ የእናቴን አሮጌ ድስት ይዤለት ሄድኩ፤ ክዳን በይድበት ብዬ። አገላብጦ አየውና መለሰልኝ።

«ይሄ አልሙኒየም ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሚያርፈው መዳብ ነው ብለሻል። ሁለቱ በአንድ ውሃ ከኖሩ ይበላላሉ። ዘራቸው አይገጥምም።»

«አባቴን መሰልክ» አልኩት።

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሱ ወደ ሥራው፣ እኔ ወደ ድስቴ አቀረቀርን።

መዳቡን ያገኘው ከአባቱ ነው፤ አቶ ጌጡ ለዓመታት ያስቀመጡትን ዝርግ መዳብ ሰጡት። ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በመዶሻ እየመታ የአንድ እንስራ ግማሽ ውሃ የሚይዝ ሣጥን አደረገው፤ ከቁራጩም ኮምፒውተሩ ላይ የሚያርፈውን ሠራ። መጋጠሚያውን ስታኞ አቅልጦ ደፈነው። ውሃ ሞልቶ፣ ሥሩ ደረቅ አመድ ነስንሶ፣ ቀኑን ሙሉ አስቀመጠው። ማታ ላይ አመዱ እንደ ደረቀ ነበር። በየሰበቡ ብቅ እያልኩ አየው ነበር፤ እሱም ሰበቤን አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ታንከሩን ታቅፎ ወደ ቤታችን የመጣ ዕለት አባባ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉት።

እሱ አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩት። «የቀየት ልጅ ነው፣ አባባ። የአቶ ወንድምአገኝ ልጅ። ገበሬ ናቸው።»

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ወንድምአገኝ የሚባል ሰው ቀየት ይኑር አይኑር አላውቅም።

«ደግ ነው። ገብሱ ዘንድሮ እንዴት ነው?»

ምንተስኖት አየኝ። ረዥም አየኝ። «ደህና ነው» አለ።

ጓዳ እንደገባን ታንከሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አባቴን ገበሬ አደረግሽው።»

«ባያስገቡህስ?»

«እመለስ ነበራ! በገዛ አባቴ ስም እመለስ ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትሽ የሚያዜሙበትን ጸናጽል ማን የሠራው ይመስልሻል? ገበሬ?»

ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን የጀመረውን ሥራ አይተውም። ከቆመ ሚኒባስ ላይ የፈታውን የመስታወት ውሃ መርጫ ሞተር ገጠመ፤ ቱቦውን በመስኮቱ አሳለፈ። ታንከሩን ከውጭ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ቀን ቀን የመንዝ ነፋስ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፤ ማታ ውርጩ እንዳያፈነዳው የበግ ጠጉር ባና እናለብሰዋለን። ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ሠራ።

ሥራው ቢሰምርም እኛ የባሰ ታሰርን። ምንተስኖት መጋጠሚያውን ሊያይ በመጣ ቁጥር አባባ ደጃፍ ላይ ይጠብቁታል። ገብሱ ታጨደ ወይ? ተወቃ ወይ? በጎቹስ? እሱ ባላረሰው ማሳ ላይ ቆሞ ይመልሳል፤ እኔ ከጓዳ ሆኜ ከንፈሬን እነክሳለሁ። ውሸት እግር የለውም ያለው ማን ነው? የእኔው ቀየት ድረስ ሄዶ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ ተመለሰ።

አንድ ቀን አባባ ጠሩኝና ፈገግ እያሉ፣ «የቀየቱን ወንድምአገኝ ሰባት ቤት ቆጠርኩት» አሉኝ። «እኔ የማውቃቸው የቀየት ሰዎች ከእኛ ዘር አይገናኙም። ዘመድ አይደላችሁም።»

ለምን እንደ ቆጠሩ የሚገባው ሰው ያውቃል። የምመኘው ሁሉ እጄ ላይ ተቀመጠ፤ በሌለ ሰው ስም።

ለምንተስኖት ነገርኩት። ቱቦውን ያጠብቅ ነበር፤ እጁ ቆመ። እጄን እጁ ላይ አሳረፍኩ፤ አላነሳውም።

«እወድሻለሁ» አለኝ። እንዲሁ፣ ሳያጌጥ። «ግን የማን ልጅ ሆኜ ነው የምወድሽ? ሠርጋችን ላይ አባቴ የት ሊቆሙ ነው? ከእንግዶቹ ጋር?»

አለቀስኩ። እኔም እንደምወደው የነገርኩት በዚያው ልቅሶ መሐል ነው።

ድጓው ለገና ሳምንት ሲቀረው አለቀ። አባባን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳቸው። የደበዘዘው ፊደል ጎልቶ፣ የዜማ ምልክቱ ሁሉ ጠርቶ ሲያዩ ጣታቸውን ወደ መስተዋቱ አስጠጉ፤ አልነኩትም። ለአፍታ በለሆሳስ አዜሙ። ከዚያ ዞረው የምንተስኖትን ሁለት እጆች ያዙ።

«እነዚህ እጆች ይባረኩ። እንዲህ ያለ ሥራ ከማን ተማርክ፣ ልጄ?»

ምንተስኖት እኔን አየኝ። አልተቆጣም፣ አልለመነም፤ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ውጭ ሞተሩ ያንጎራጉራል።

ዝም ብል እናገባ ነበር። ይህን አውቄ ነው የተናገርኩት።

«ከአባቱ ነው፣ አባባ። ከሞላሌው ጌጡ ቀጥቃጭ። መዳቡንም እሳቸው ናቸው የሰጡት። ወንድምአገኝ የሚባል ሰው የለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

አባባ የምንተስኖትን እጆች ለቀቁ። ተነሱ፤ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ምንተስኖትም መዶሻውን ሰብስቦ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ «አመሰግናለሁ» አለኝ። ያቺ ቃል ከስድብ በላይ አስለቀሰችኝ።

ሦስት ቀን አባባ ከእኔ ጋር አልተነጋገሩም። እናቴ በመሐላችን እየተመላለሰች፣ «ምን ነበር ዝም ብትዪ» ትለኛለች።

በአራተኛው ቀን፣ በገበያ ዕለት፣ ነጠላቸውን አጣፉና «ተነሺ» አሉኝ። የገበያውን መሐል ሰንጥቀን ሄድን። ሰው ሁሉ እየተነሣ እጅ ይነሣቸዋል፤ ከዚያ ወዴት እንደምንሄድ ሲያይ ይንሾካሾካል። ብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ምንተስኖት መነጽሩን አውልቆ ወጣ።

«በቤቴ ውስጥ ልጄ የሰው አባት ለወጠች» አሉት። «ኃጢአቱ የማን ነው ብዬ ሦስት ቀን አሰብኩ። የዋሸችው እሷ ናት። የፈራችው ግን እኔን ነው።»

ምንተስኖት አንገቱን ደፋ።

«አባትህ ሽማግሌ ይላኩ» አሉ አባባ።

ጆሮዬን አላመንኩም። እሱም ቀና አለ።

«እምቢ እላቸዋለሁ» ቀጠሉ። «አንደኛው እምቢታ ደንብ ነው። ሁለተኛው ለዘመድ ጆሮ ነው፤ ብዙ የሚንጫጫ ዘመድ አለኝ።»

«ሦስተኛውስ?» አልኩ እኔ።

አባባ ወደ እኔ አልዞሩም። «ሦስተኛ ጊዜ የሚመጣ ካለ ያኔ እናያለን።»

ምንተስኖት የጠቆረ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር።

«አባቴ እግራቸው ደህና ነው፣ መሪጌታ» አለ። «ይመላለሳሉ።»